ምድር ወለል ላይ ያሉት ንግድ ቤቶች፣ የሌሊቱ ድምፅና ማንም ያላየው ማስታወቂያ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የኮንዶሚኒየም ማኅበራችን አባላትና የግቢያችን ነዋሪዎች፣ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጥበትን የውሳኔ ሐሳብ፣ ስብሰባው ላይ እንደተለመደው ተጯጩኸን ከምንበተን፣ አስቀድመን እዚሁ በጽሑፍ እንድንነጋገርበት ኮሚቴው ወስኗል። ሐሳቡ ሦስት ነገሮችን ይዟል። በዋናው መንገድ በኩል ባሉት ብሎኮች ምድር ወለል ላይ የሚገኙ ንግድ ቤቶች ከእንግዲህ ለመጠጥና ለሙዚቃ ቤት እንዳይከራዩ በመተዳደሪያ ደንባችን ይደንገግ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በግቢው ውስጥ፣ የጋራ መገልገያ ሕንፃውን ጨምሮ፣ ድምፅ ማጉያ አይከፈት፤ የአንድ ቤት አገልግሎት ሊለወጥ ሲታሰብም ጉዳዩ ከ15 ቀን በፊት ለነዋሪው በማስታወቂያ ይገለጽ የሚሉ ናቸው። መነሻው ሁላችሁም እንደምታውቁት የብሎክ 3 ጉዳይ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የነበረው ቤት ባር ሆኖ ሲከፈት፣ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር ተባለ። ወረቀቱንም ፈልገን አገኘነው፤ በጥበቃ ቤቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከውኃ ፈረቃው ፕሮግራም ሥር ተለጥፎ። እኔ ራሴ በየቀኑ በዚያ በር እየገባሁ አላየሁትም።

የብሎክ 3 ሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ፦
ሦስቱንም ነጥቦች እደግፋለሁ፤ ይልቁንም የመጀመሪያውን። ብዙ ሰው «ሙዚቃ ነው፤ ይለመዳል» ይለኛል። እኔ ግን ሙዚቃ አልሰማም። ዘፈኑ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ወደ ቤቴ የሚመጣው ምቱ ብቻ ነው። ረከቦቴ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እርስ በርሳቸው እየተነካኩ መንጫጫት ይጀምራሉ፤ አሁን አሁን ሳልተኛ በፊት በየሲኒው መካከል ጨርቅ መሸጎጥ ለምጃለሁ። መስኮት ብዘጋም ለውጥ የለውም፤ ምክንያቱም የሚመጣው በመስኮት ሳይሆን በወለሉ ነው። ወርጄ በትሕትና ሳነጋግራቸው ይቀንሱታል፤ እኔ ደረጃውን ወጥቼ ሳልጨርስ ደግሞ ይመለሳል። አንድ ሰው በራሱ ቤት ለመተኛት በየማታው እንዴት ይለምናል?

የንግድ ቤቱ ባለቤት፦
እህቴ የጻፉት እውነት ነው፤ ሲኒዎቹን ቤታቸው ገብቼ አይቻለሁ፤ ስለዚህ አልክድም። ነገር ግን ሦስቱ ነጥቦች በአንድ ጥቅል መቅረባቸው ትክክል አይመስለኝም። ያንን ቤት በዕጣ አላገኘሁትም፤ በጨረታ ተወዳድሬ፣ ከላይ ያለው መኖሪያ ቤት በካሬ ሜትር ከተሸጠበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ከፍዬ ነው የገዛሁት፤ ያን ያህል የከፈልኩትም ሰነዱ «ንግድ ቤት» ስለሚል ነው። የከተማው መዋቅራዊ ፕላንም ይህን መስመር ቅይጥ መኖሪያ ብሎ መድቦታል፤ ቅይጥ ማለት ደግሞ ኑሮና ንግድ አብረው ይሁኑ ማለት ነው። ዛሬ መጠጥ ቤት ይከልከል የሚለው ጉባኤ ነገ ሥጋ ቤቱን በሽታው፣ ብረት በያጁን በብልጭታው ምክንያት አይከለክልም ያለ ማን ነው? ደግሞስ ባለፈው ሚያዝያ በጋራ መገልገያ ሕንፃው ውስጥ በተከታታይ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ሲደገስ፣ ድምፅ ማጉያው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲጮህ፣ የውሳኔ ሐሳብ ያረቀቀ ኮሚቴ ነበር? ፈቃድ አውጥቶ ግብር የሚከፍለው ድምፅ ብቻ ነው እንዴ የሚረብሸው?

የብሎክ 1 ነዋሪ፣ በሙያዬ ጠበቃ፦
ክርክሩ ወደ ስሜት ከመግባቱ በፊት ሕጉ ምን እንደሚል ላስቀምጥ፤ ረዘም ካለባችሁ ይቅርታ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1225 መሠረት አንድ ባለንብረት ጎረቤቱን ማወክ አይችልም፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ሕጉ በስም ጠርቶ ይከለክላል። ይህ ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም.፣ ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን መሆኑን ልብ በሉ፤ «ንዝረት» የሚለው ቃል ግን ለሲኒዎቹ የተጻፈ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መጣ፤ እርሱን ተከትሎ በወጣው የድምፅ ደረጃ መሠረት የመኖሪያ አካባቢ ድምፅ በቀን ከ55፣ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ፣ የንግድ አካባቢ ደግሞ በቀን ከ65፣ በሌሊት ከ55 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ኮሚቴው 3 ሰዓትን ከየት እንዳመጣው ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ወንድማችን ያነሣው «ቅይጥ» የሚለው ቃል ችግር ይፈጥራል። ሥሩ ንግድ፣ ላዩ መኖሪያ በሆነ ሕንፃ የትኛው ቁጥር ይሠራል? በእኔ አስተያየት ድምፁ የሚለካው በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ የሚያርፈው መኝታ ቤት ውስጥ ከሆነ መኝታ ቤት ንግድ ቤት ሊሆን አይችልም። አሥር ዴሲቤል ትንሽ ልዩነት እንዳይመስላችሁ፤ የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በስልካችን አፕ የለካነውን ይዘን ክስ እንመሥርት ላላችሁኝ ግን፣ የስልክ መለኪያ ለራስ ግምት እንጂ ለማስረጃ አይበቃም፤ በዚያ ላይ የተለመደው አለካክ ለጆሮ በሚሰማው ላይ ያተኮረ ስለሆነ፣ እህታችን የነገረችንን ዓይነት ወፍራም ምት አሳንሶ ነው የሚያሳየው።

ስለ መጀመሪያው ነጥብ ያለኝ ሥጋት የሚከተለው ነው። ማኅበራችን የተቋቋመው በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። በሰነድ «ንግድ» የተባለን ቤት ከተሸጠ በኋላ በድምፅ ብልጫ ማጥበብ ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው የሚችል ውሳኔ ነው። ሌላ መንገድ ግን አለ። የሕንፃው ኮለንና በፎቆች መካከል ያለው ሶሌታ፣ በእኔ አነባበብ፣ የአንድ ሰው ሳይሆኑ የሁላችንም የጋራ ንብረት ናቸው። ድምፅ ማጉያውን በጋራ ሶሌታችን ላይ በብሎን ያሰረ ሰው የጋራ ንብረት እየተጠቀመ ነው፤ በዚህ ላይ ደንብ ለማውጣት ማኅበሩ ሙሉ ሥልጣን አለው።

የብሎክ 5 ነዋሪ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር፦
ጠበቃው ልጃችን እግዚአብሔር ይስጥህ፤ አስተምረኸናል። እኔ በሁለተኛው ነጥብ አልስማማም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ተጥሎ የሚያድር ሰው፣ አስተናጋጁ ሲጠራራ፣ እድምተኛ ሲገባና ሲወጣ ድምፅ አለ፤ ይህን ከባር ጋር በአንድ አንቀጽ ማሰር ነውር ነው። ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን ደግሞ ከዚህ ክርክር እንድታወጧቸው እለምናለሁ፤ ከግቢያችን ውጭ ናቸው፤ እዚያ ውስጥ ከገባን የምንወጣበት በር አይኖርም።

በሦስተኛው ነጥብ ግን ከሁላችሁም በላይ እጮኻለሁ። ሰው ሲሞት ዕድራችን ምን ያደርጋል? ጥሩንባ ነፊያችን በየብሎኩ እየዞረ፣ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ሦስት ጊዜ ይናገራል፤ አልሰማሁም የሚል ሰው የለም። ስለ ሞት በዚህ ልክ የምንነጋገር ሰዎች፣ ከራሳችን መኝታ ሥር ባር ሊከፈት መሆኑን ከውኃ ፈረቃ ሥር በተለጠፈች ወረቀት ነው የምንሰማው?

የብሎክ 3 አራተኛ ፎቅ ተከራይ፦
እኔ አባል ስላልሆንኩ መናገር ይፈቀድልኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ካልተፈቀደ አጥፉት። በእኛ ደረጃ ላይ ካሉት ቤቶች በአብዛኛው የምንኖረው ተከራዮች ነን። አከራዬ ዋሽንግተን ነው የምትኖረው። ማኅበሩ መልእክት ሲልክ ለእርሷ ይልካል፤ ድምፅ የምትሰጠውም እርሷ ናት፣ በውክልና። ማስታወቂያው ውቅያኖስ ተሻግሮ እርሷ ጋ ይደርሳል፤ ድምፁ ግን እኔ ጋ ነው የሚቀረው። «ለነዋሪው ይገለጽ» የሚለው ሐረግ ለእኔ ነው ወይስ ለእርሷ? እባካችሁ እርሱን ግልጽ አድርጉት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የእህታችን መልእክት አይጠፋም። ኮሚቴው «ነዋሪ» ሲል ባለቤቶችን ማለቱ እንደነበር አልደብቅም፤ ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ተከራይ አላሰብኩም።

የብሎክ 1 ነዋሪ፣ በሙያዬ ጠበቃ፦
የተከራይዋ ጥያቄ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 92 ሕዝብ እርሱን በቀጥታ በሚመለከቱ የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች አነዳደፍና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ሲል፣ ካርታ ያለውና የሌለው ብሎ አልለየም። አዋጅ 300ም እንዲሁ ነው፤ ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለከተማው አካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ተከራይዋ በጉባኤያችን ድምፅ ባይኖራትም በሕጉ ፊት ቆማ መናገር ትችላለች፤ የእኛ ደንብ ከሕጉ አንሶ መገኘት የለበትም። ጋሼ ስለ ለቅሶው ያሉትንም እቀበላለሁ፤ ክልከላው በድምፅ ማጉያ ብቻ ቢወሰን ድንኳኑን አይነካም፤ ሠርጉን ግን ይነካል፤ መንካትም አለበት። ለባሩ የማንፈቅደውን ለአክስታችን ልጅ ከፈቀድን፣ ወንድማችን ያነሣብን ክስ ልክ ነበር ማለት ነው።

የንግድ ቤቱ ባለቤት፦
ሠርጉ በእኩል የሚታይ ከሆነ እኔም ከሁለተኛው ነጥብ ጋር አልጣላም። ተከራዬን አነጋግሬዋለሁ። ትልልቆቹን ድምፅ ማጉያዎች ከሶሌታው ፈትቶ፣ ጎማ በለበሰ የብረት መቆሚያ ላይ ወለል ላይ ለማስቀመጥ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ የወፍራሙን ምት ማጉያ ፈጽሞ ለመዝጋት ተስማምቷል። በሩን ዘግቶ መሥራት ሙቀቱን አያስችልም ይላል፤ እርሱን አየር ማውጫ በማስገባት እንየው። ወጪውን እኔና እርሱ እኩል እንከፍላለን። በምትኩ የመጀመሪያው ነጥብ እንዲነሣ እጠይቃለሁ።

የብሎክ 3 ሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ፦
ድምፅ ማጉያው ይፈታና አንድ ወር እንየው። ሲኒዎቹ ካልጮኹ የመጀመሪያው ነጥብ ይነሣ የምለው እኔ ራሴ እሆናለሁ። አሁን ግን በቃል ብቻ ተብሎ ከረቂቁ አይውጣ።

የብሎክ 5 ነዋሪ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር፦
ልክ ብላለች።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲያው የተስተካከለው ረቂቅ እንዲህ ይሆናል። የመጀመሪያው ነጥብ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፎ ይቆይ፤ በምትኩ ማንኛውም ድምፅ ማጉያ በጋራ ጣሪያ፣ ግድግዳና ኮለን ላይ እንዳይታሰር የሚል አንቀጽ ይግባ። ሁለተኛው በጋራ መገልገያ ሕንፃውም በንግድ ቤቶቹም ላይ እኩል ይሥራ፤ የለቅሶ ድንኳን አይካተትም። በሦስተኛው «ነዋሪ» ማለት ባለቤትም ተከራይም ነው ተብሎ ይጻፍ፤ ወረቀቱ በየብሎኩ ደረጃ መግቢያ ላይ ይለጠፍ፤ የዕድሩ ጥሩንባ ነፊም በሚዞርበት ቀን አብሮ ይናገር፤ ክፍያው ከማኅበሩ ይሆናል። ተከራዮች በጉባኤው ተገኝተው መናገር ይችላሉ፤ ድምፅ መስጠቱ ግን አዋጁ ለባለቤቶች የሰጠው ስለሆነ እኛ ልንለውጠው አንችልም። የጉባኤው ጥሪ ራሱ በዚሁ አዲስ መንገድ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተለጥፏል።

የብሎክ 3 አራተኛ ፎቅ ተከራይ፦
አመሰግናለሁ። የእኛ ብሎክ ወረቀት የተለጠፈው ከብረት በሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። በሩ ቀኑን ሙሉ ወደ ውስጥ ተከፍቶ ስለሚውል ይሸፍነዋል፤ እኔ ያየሁት ማታ በሩ ሲዘጋ ነው። ወደ ግራው ግድግዳ፣ ከመብራት ቆጣሪዎቹ አጠገብ ቢዛወር ይታያል።

የብሎክ 5 ነዋሪ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር፦
የእኛም እንዲሁ ነው። ፊደሉም ይተልቅ፤ መነጽሬን አድርጌም አላነበብኩትም።