ማታ ደክሞኝ ስገባ፣ ያለ እንጀራ፣ በአንድ መጥበሻ ምን ልሥራ?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ዋላችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። ባለቤቴ ስኳር እንዳለበት ካወቅን አራት ወር ሆነን። ክኒን ይወስዳል። ሐኪሙ «እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ድንች ቀንስ፣ በተለይ ማታ» ብለውታል። እኛ ቤት ግን እራት ማለት እንጀራ ነው። ጎጃም ተወልዶ ከጤፍ መራቅ እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ልጆቹን ይዤ ቤት ስገባ 12 ሰዓት ያልፋል። ያኔ ቆሜ ወጥ የምሠራበት ጉልበት የለኝም። ያለኝ አንድ ኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ ትልቅ መጥበሻ ነው። ባለፈው ሰኞ ጥቅል ጎመን በእንቁላል ሞከርኩ። ጎመኑ ውሃ አወጣ፣ እንቁላሉም ውሃው ውስጥ ተበታተነ። ባለቤቴ ምንም ሳይል በላ። ሌሊት ግን ርቦት፣ አልቦት ተነሣ።

ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ፣ የሚያጠግብ ነገር ንገሩኝ። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፣ ለሱም አስቡልኝ።

ከፍኖተ ሰላም

አይዞሽ እታለም። ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ፣ ጥቅል ጎመን በየቀኑ እሠራለሁ። ያበላሸብሽ ጨውና ክዳን ይመስለኛል። ጨው ገና ሲጀመር ከገባ የጎመኑን ውሃ ያወጣዋል። ከከደንሽው ደግሞ ሳይጠበስ በገዛ እንፋሎቱ ይቀቀላል።

እንዲህ አድርጊው። ግማሽ ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ክተፊና አጥበሽ በደንብ አንጠፍጥፊው። መጥበሻው ባዶውን ይጋል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ጎመኑን። እሳቱን አትቀንሺ፣ አትክደኚ፣ ቶሎ ቶሎም አታማስዪው። ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ ይላል። ያኔ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ትንሽ እርድ ጣል አድርጊ። ጎመኑን ወደ ዳር ግፊና መሐሉ ላይ ግማሽ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፣ በላዩ 5 ወይም 6 እንቁላል። እንቁላሉ ሊረጋ ሲል ብቻ ከጎመኑ ጋር ቀላቅዪው። ጨው አሁን ነው። ካወረድሽው በኋላ አይብና የተከተፈ ቃሪያ ከላይ በትኚበት። እኔ አይቡን አልሰስትም፣ የሚያጠግበው እሱ ነው።

ከመክተፉ ጋር 25 ደቂቃ ይበቃሻል።

ከባሕር ዳር

ነርስ ነኝ። ከምግቡ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ «ርቦት፣ አልቦት ተነሣ» ያልሽው አሳስቦኛል። ባለቤትሽ የሚወስደው ክኒን ስሙ ምንድን ነው? ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስኳርን ከልክ በታች ማውረዱ እምብዛም ነው። ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ወይም ኢንሱሊን ካለበት ግን እንጀራው በድንገት ሲቀር መድኃኒቱ ስኳሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ነው።

እንደገና ከታየበት ወዲያው ለኩት። ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጪው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪው። መለኪያ ከሌላችሁም ምልክቱን ካየሽ ስኳሩን ስጪው፣ አትጠብቂ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም እንዳትሰጪው፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ክኒኑን ደግሞ በራሳችሁ አታቁሙ። እራቱን እንደቀየራችሁ ለሐኪሙ ንገሯቸውና መጠኑን እሳቸው ያስተካክሉት።

ለእራቱ፣ እኛ እዚህ ጣና ዳር ስለሆንን ዓሣ ይቀናናል። አጥንቱ የወጣለት ቆሮሶ ካገኘሽ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፣ ጨውና በርበሬ ነካ አድርጊው፣ በእያንዳንዱ ጎን 3 ወይም 4 ደቂቃ ጥበሽ ሎሚ ጭመቂበት። በዚያው መጥበሻ ቲማቲምና ቃሪያ ለብለብ ማድረግ ነው።

ከቢቸና

ልጄ፣ ነጩን ጤፍ ትተሽ ቀይ ጤፍ ጋግሪለት። ስኳር ላለበት ሰው ቀይ ጤፍ አይጎዳም ሲባል ነው የምሰማው።

ከባሕር ዳር

እናቴ፣ ቀይ ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ አሰርም ብረትም አለው። ነገር ግን ቀይም ሆነ ነጭ፣ ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት 70 ግራም ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው። ስለዚህ የሚለየው መጠኑ ነው። ሩብ እንጀራ ብቻ ወስዶ ሳህኑን በጎመንና በእንቁላል ቢሞላው ይሻላል።

ከዳንግላ

እኔ ላጤ መምህር ነኝ፣ የማታውን ድካም አውቀዋለሁ። ሥራውን እሑድ ላይ ጨርሺው። አበሻ ጎመን ቀቅዬ፣ ጨምቄ፣ ከትፌ ፍሪጅ አስገባለሁ፣ እስከ ረቡዕ አይደርቅብኝም። ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋም በቀጭኑ ቆርጬ ለሁለት ቀን ለሁለት ቀን በፌስታል እከፋፍልና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ስወጣ አንዱን ወደ ታችኛው ፍሪጅ አወርደዋለሁ፣ ማታ ቀልጦ ይጠብቀኛል።

ሥጋውን ጭረቱን ተከትለሽ አትቁረጪ፣ አቋርጪው። ያኔ ለ5 ደቂቃ ቢጠበስም አይጠነክርም። ሽንኩርት፣ ሥጋ፣ የጥብስ ቅጠል፣ መጨረሻ ላይ ጎመኑ። ጎመን በሥጋን ያህል ይጣፍጣል፣ ቅልጥም ስለሌለው ግን ሰዓት አይፈጅም።

ከፍኖተ ሰላም

የጾሙን ረስቼው። ጎመኑን እንዳልኩሽ በዘይት ጥበሺ፣ በእንቁላሉ ፈንታ አንድ እፍኝ የተቆላና የተወቀጠ ለውዝ አስገቢበት። ጠዋት የቀቀልሽው ድፍን ምስር ካለ ሦስት አራት ማንኪያ ጨምሪ። ምስር ካርቦሃይድሬት አለው፣ በማንኪያ ከሆነ ግን አይከብድም።

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክኒኑ ግሊቤንክላሚድ ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን፣ የማታውን መጠን ቀነሱለት። መለኪያም ገዛን። እህቴ፣ አንቺ ባትጠይቂኝ ረሃብ ብቻ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ማክሰኞ የፍኖተ ሰላሟን ሠራሁ። 12 ከ20 ጀምሬ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በላን። ጎመኑ ጠብታ ውሃ አልወጣውም። ልጆቹ በእንጀራ፣ እሱ በሹካ። ሁለቴ ጨመረ፣ ሌሊቱንም ሳይነሣ አደረ። ለዓርብ ለውዙን ቆልቼ አስቀምጫለሁ።