ወኪሉ በቃል ያለው ወይስ ፖሊሲው የሚለው?

ለክርክር የቀረበው፦ ጅማ ውስጥ የቡና መጋዘን ያለው ነጋዴ የእሳት ኢንሹራንስ ሲገባ የድርጅቱ ወኪል «ሙሉ ነው፣ ሁሉንም ይሸፍናል» አለው እንበል። ክረምት ላይ ጣሪያው አፈሰሰና የ800,000 ብር ቡና ሻገተ። ድርጅቱ መክፈል አለበት?

የካሳ ክፍል ባለሙያ፦ የለበትም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1725 የኢንሹራንስ ውል በጽሑፍ ነው። ፖሊሲው፣ ማለትም የውሉ ሰነድ፣ እሳትና መብረቅ ይላል፤ ጎርፍና ማዕበል ተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ተከፍሎበት በኢንዶርስመንት፣ ማለትም ከፖሊሲው ጋር በሚያያዝ ተጨማሪ ጽሑፍ፣ ነው የሚገባው። ላልተከፈለበት አደጋ ካሳ ከየት ይምጣ?

ቡና ነጋዴ፦ ፖሊሲው እኮ በእንግሊዝኛ ነው! ቅጹንም የሚሞላው ወኪሉ ነው፤ ነጋዴው የሚያደርገው ጣት የተቀሰረበት ቦታ ላይ መፈረም ብቻ።

ጠበቃ፦ ማታለሉ ከተረጋገጠ አንቀጽ 1704 አለ፤ ውሉ ይፈርሳል። ግን ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወደነበሩበት ይመለሳሉ። 15,000 ብር አረቦን የከፈለ 15,000ውን ይቀበላል፣ ቡናው ግን ሻግቶ ቀረ። ስለዚህ ክሱ ላይ በአማራጭ «ወኪሉ በሥራው ላይ በሰጠው ሐሰተኛ መረጃ ለደረሰብኝ ጉዳት ድርጅቱ ኪሣራ ይክፈለኝ» መባል አለበት። ያኔም እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ተጨማሪውን ሽፋን ይገዛ እንደነበር ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ይህ ካልተረጋገጠ ጉዳቱ ከውሸቱ ጋር አይያያዝም። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ 2 ዓመት ነው፤ ጊዜውን በድርድር አትጨርሱት።

የካሳ ክፍል ባለሙያ፦ ያ ሰው ወኪል ሳይሆን ደላላ ከሆነስ? ደላላ የደንበኛው ሰው ነው። ደግሞም ደንበኛውም ይዋሻል፤ የጭቃ መጋዘን «ብሎኬት» ተብሎ ይመጣል።

ጠበቃ፦ ሆን ተብሎ ከሆነ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 668 ውሉ ዋጋ የለውም። የ1952ቱ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል በ2013ቱ አዲስ ሕግ አልተሻረምና ዛሬም ይሠራል። ሳያውቅ ከሆነ ግን 669 ነው፤ 20,000 ብር አረቦን መክፈል ሲገባው 15,000 የከፈለ ከካሳው ሦስት አራተኛውን ያገኛል። «ብሎኬት» ብሎ የጻፈው መጋዘኑን እንኳ ሳያይ የመጣው ወኪል ከሆነስ ማን ዋሸ ልትል ነው?

የካሳ ክፍል ባለሙያ፦ የፈረመው።

ቡና ነጋዴ፦ ይኸውላችሁ! እኔ ግን ቅጹ ላይ «የዝናብ ፍሳሽ ይካተታል ወይ?» ብዬ በእጄ ጽፌ፣ ማኅተም ያለበት መልስ ካልመጣ አረቦኑን አልከፍልም።