ዎርድ ላይ ባዶ ቦታው ብቻ የሚሞላ ፎርም እንዴት ነው የሚሰራው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ እርዱኝ። ዎርድ 2016 ላይ የምዝገባ ፎርም ሰርቼ ለሰው በኢሜይል እልካለሁ፣ መልስ የሚጻፍበት ቦታ ላይ በአንደርስኮር መስመር አስምሬለታለሁ፣ ግን ተሞልቶ ሲመጣልኝ ጉድ ነው፣ ስሙ በረዘመ ቁጥር መስመሩ እየተገፋ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዱ ደግሞ "የልደት ቀን" የሚለውን ራሱን አጥፍቶ እዛው ላይ ቀኑን ጽፎ ላከልኝ። ትናንት ሪስትሪክት ኤዲቲንግ የሚባለውን አግኝቼ ቆለፍኩት፣ አሁን ጭራሽ የትም ቦታ መጻፍ አይቻልም። ጥያቄው ተቆልፎ መልሱ ብቻ እንዲሞላ ማድረግ አይቻልም?

መልስ 1፦
ይቻላል ወንድሜ። መስመሩ ለዎርድ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ስትቆልፈው አብሮ ነው የሚቆለፈው፣ የሚሞላ ፊልድ ማስገባት አለብህ። መጀመሪያ ቁልፉን ፍታ፣ ከዛ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ከስተማይዝ ሪበን ገብተህ በቀኝ በኩል ዴቨሎፐር የሚለው ላይ ራይት አድርግ፣ አዲስ ታብ ይመጣልሃል። መስመሮቹን በሙሉ አጥፋቸውና ሁለት ኮለም ያለው ቴብል አስገባ፣ በግራ ጥያቄው በቀኝ መልሱ፣ ከመልሱ ሳጥን የታችኛውን ቦርደር (የጠርዝ መስመር) ብቻ ትተህ ሌላውን ካጠፋህ መስመር ይመስላል ግን የትም አይሄድም፣ እኔ ሁሌ እንደዚህ ነው የምሰራው። ሳጥኑ ውስጥ ከዴቨሎፐር ፕሌን ቴክስት ኮንቴንት ኮንትሮል (ጽሑፍ የሚሞላበት ፊልድ) አስገባ፣ ለቀን ዴት ፒከር አለልህ፣ ለጾታ ድሮፕዳውን (ከዝርዝር የሚመረጥ)። ስትጨርስ ሪስትሪክት ኤዲቲንግ ላይ ሁለተኛውን ሳጥን ራይት አድርገህ ፊሊንግ ኢን ፎርምስን ምረጥ። አንተ ኖ ቼንጅስ ላይ ትተኸው ይመስለኛል፣ ሲከፈት እሱ ነው የሚመጣው፣ ለዛ ነው ሁሉም የተዘጋብህ። ከዛ የስ፣ ስታርት ኢንፎርሲንግ ፕሮቴክሽን፣ ፓስወርድ ሰጥተህ ጨረስክ።

መልስ 2፦
ያለው ልክ ነው፣ እኔ ትንሽ ልጨምር። ፊልዱ ላይ በእንግሊዝኛ "ክሊክ አድርገህ ጻፍ" የሚለውን ጽሑፍ ከዴቨሎፐር ዲዛይን ሞድ ከፍተህ በአማርኛ "ሙሉ ስም እስከ አያት" ምናምን ብለህ ቀይረው፣ ሰው ምን እንደሚጻፍ ሲያይ ስህተቱ በጣም ይቀንሳል። ደግሞ መጨረሻ ላይ ሰው እንደልቡ እንዲጽፍበት የምትፈልገው ክፍል ካለ ከሱ በፊት ኮንቲኒየስ ሴክሽን ብሬክ (ዶክመንቱን በክፍል የሚለይ) አስገባ፣ ስትቆልፍ ሴሌክት ሴክሽንስ ብለህ የዛን ክፍል ራይት ታነሳዋለህ። ፓስወርዱን ግን እንደ ሚስጥር መጠበቂያ እንዳታየው፣ ሰው በስህተት እንዳያበላሽ ነው እንጂ ፋይሉ ኢንክሪፕት አይሆንም (በሚስጥር ኮድ አይቀየርም)።

ጠያቂው፦
ተባረኩ፣ ሰራልኝ! ጥያቄዎቹን ልነካ ብሞክር እንኳን እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ አድራሻ ላይ ኢንተር ስጫን ወደ ታች አይወርድም።

መልስ 1፦
ፕሌን ቴክስት ስለሆነ ነው። ቁልፉን ፍታና ፊልዱን ነክተህ ፕሮፐርቲስ ግባ፣ ታች አላው ካሪጅ ሪተርንስ የሚል አለ፣ ራይት አድርገው። መልሰህ መቆለፉን እንዳትረሳ፣ ከመላክህ በፊትም አንዴ ራስህ ከላይ እስከ ታች ሞልተህ እየው።