የእህቴ ልጅ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ነው የሚሮጠው፤ የማስታወቂያ ውል ይፈርም?

አክስቱ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ወገኖቼ። የእህቴ ልጅ ከበቆጂ መጥቶ እዚህ አሜሪካ በሙሉ ስኮላርሺፕ እየተማረ 5,000 እና 10,000 ሜትር ይሮጣል። አንድ ቡና አከፋፋይ ወገናችን «የዩኒቨርሲቲህን ማሊያ ለብሰህ፣ የቡናችንን ከረጢት ይዘህ ፎቶና ቪዲዮ እንሥራ፤ 1,500 ዶላር እከፍልሃለሁ» አለው። ልጁ ብሩን ለእናቱ ሊልክ ቸኩሏል። አሰልጣኙም «ከ2021 ጀምሮ ተፈቅዷል» ብሎታል። እኔን ግን የቪዛው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቀድሞ ሯጭ፦
እህቴ፣ በፍጹም እንዳይፈርም! አሰልጣኙ አልዋሸም። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ ከጁላይ 1፣ 2021 ጀምሮ ተማሪ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ፈቅዷል። ግን እሱ የስፖርት ማኅበር ነው፤ በቪዛ ላይ ሥልጣን የለውም። ኤፍ-1 ያለው ተማሪ ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት አይችልም፤ ተከፍሎት ማስታወቂያ ከሠራ ኢሚግሬሽን ያልተፈቀደ ሥራ ሊለው ይችላል። ያኔ ሩጫውም ትምህርቱም ይቋረጣል። እኔም በ2022 አንድ የጫማ መደብር ጠይቆኝ ነበር። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠኝ አጣሁ። ኋላ አንዲት የኢሚግሬሽን ጠበቃ «ሥራው ከአሜሪካ ውጭ ከተሠራ ነገሩ ይለያል» አለችኝ። የኬንታኪው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ የኮንጎው ኦስካር ቺብዌ፣ በዚያው ዓመት ቡድኑ ባሃማስ ሲሄድ ማስታወቂያዎቹን የሠራው እዚያ ነው። እኔ አገር ቤት መሄጃም ስላልነበረኝ ተውኩት።

ታክስ ሠሪ፣ አሌክሳንድሪያ፦
ወንድማችን ልክ ብሏል። አንድ ልጨምር፤ አገር ቤት ሄዶ ይሥራው ከማለታችሁ በፊት ቪዛው መቼ እንደተሰጠ እዩ። ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ የሚያስገባው አንዴ ብቻ ነው። ከወጣ ለመመለስ አዲስ አበባ ኤምባሲ እንደ አዲስ ማመልከት አለበት።

እዚህ የተወለዱ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ፣ ቪዛ ባያሳስባችሁም ሌላ ጣጣ አለ። የኮሌጅ ስፖርተኞች ስለ ክፍያ ኤንሲኤኤን በከሰሱበት ጉዳይ ጁን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ካጸደቁት ስምምነት ወዲህ የዲቪዚዮን 1 (የከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ስፖርተኛ ከውጭ ድርጅት ጋር የሚዋዋለው 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ «ኒል ጎ» በሚባለው ሥርዓት ማስመዝገብ አለበት። ማሊያውን ለብሶ ፎቶ መነሳት የዩኒቨርሲቲውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዓርማው የእነሱ ነውና። ከወጪ ቀሪ ገቢው 400 ዶላር ከደረሰ ደግሞ በራስ ሥራ የሚከፈለው 15.3 በመቶ ግብር ይመጣል። እባካችሁ ብሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ለግብሩ አስቀምጡ።

አክስቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቪዛውን አየሁት፤ የኦገስት 2025 ነው። በቆጂም ቀረች ማለት ነው። ልጁ ሲሰማ ዝም አለ፤ አንጀቴን በላው። ለቡና ነጋዴው ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ «እስኪመረቅም ቢሆን እጠብቀዋለሁ» አለኝ። ማክሰኞ ጠበቃ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ።