አድሪያናን ለዚያ ጫካ ያበቃት ማነው?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ክርክር «ዘ ሶፕራኖስ» ከተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። 5ኛው ሲዝን፣ 12ኛው ክፍል፣ «ሎንግ ተርም ፓርኪንግ»። ኤችቢኦ የተባለው የኬብል ቴሌቪዥን መጀመሪያ ያሳየው ሜይ 23 ቀን 2004 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንያዛቸው።

ላላየው ወይም ለረሳው ባጭሩ። አድሪያና የክሪስቶፈር እጮኛ ናት። ክሪስቶፈር ደግሞ የኒው ጀርሲው የማፊያ አለቃ የቶኒ ሶፕራኖ ዘመድና ቀኝ እጅ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ ኤፍቢአይ አድሪያናን ከ4ኛው ሲዝን ጀምሮ ይዟታል። ሳትወድ በግድ መረጃ ታቀብላለች። በዚህ ክፍል፣ በምትመራው ክለብ ውስጥ የተፈጸመ ግድያ እንዲሸፋፈን ረድተሻል ብለው ያፋጥጧታል። ወይ ድምፅ መቅጃ ታጠልቂያለሽ፣ ወይ ትታሰሪያለሽ። እሷ ሌላ መንገድ ትለምናለች፦ ክሪስቶፈርን ላሳምነውና አብረን እንምጣ። ትነግረዋለች። እሱ ለቶኒ ይነግራል። የቶኒ ሰው ሲልቪዮ በመኪና ወስዶ ጫካ ውስጥ ይገድላታል።

ጥያቄው፦ ጥፋቱ የማን ነው? የክሪስቶፈር፣ የኤፍቢአይ ወይስ የራሷ? በጨዋ ደንብ እንነጋገር።

ቢኒ፦
ይሄ ምን ክርክር አለው? ክሪስቶፈር ነው። መጀመሪያ አንቆ ሊገድላት ነበር። ከዚያ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እሷም አቀፈችው። አመነችው። አዲስ ስም፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ኑሮ እያለች ስታወራ ፊቷ ሲበራ አይታችኋል?

ነዳጅ ማደያው ጋ ያለውን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። ክሪስቶፈር ያንን ትልቅ ሀመር መኪናውን ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቱ አንድ ተራ ቤተሰብ አለ። ከኋላ ጸጉሩን ያስረዘመ አባት፣ ሚስት፣ ልጆች፣ ያረጀች መኪና። ያያቸዋል። አንዲት ቃል አይናገርም። እዚያች ጋ ወሰነ። እንደዚያ ሰውዬ ከምኖር እሷ ትሙት አለ። ለሀመር ነው የሸጣት። ኤፍቢአይን ለምን እዚህ ታስገባላችሁ?

ሳሚ፦
ቢኒ ትክክል ነህ፣ ግን ቶኒን አትርሳ። ስልኩን የደወለው ማነው? «ክሪስቶፈር ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ሆስፒታል ገብቷል፣ ሲልቪዮ መጥቶ ይወስድሻል» ያላት እሱ ነው። ያጠመዳት በፍቅሯ ነው። ተንገብግባ ነው መኪናው ውስጥ የገባችው። እኔ ከዚያች ጥሪ በኋላ ቶኒን መውደድ አቃተኝ።

ጋሽ ታደሰ፦
ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ ልጅቷ ስታዝኑ አያለሁ። እኔም አዝኛለሁ። ግን አድሪያና ሕፃን አልነበረችም። ክሪስቶፈር ምን ሠርቶ እንደሚበላ ታውቅ ነበር። ጌጡን ለብሳለች፣ ክለቡንም ተቀብላለች። ሰው ሲገደል ደግሞ ለፖሊስ አልጠቆመችም፤ የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ስትወጣ በካሜራ ተቀረጸች። የተገደለውም ሰው እናት አለችው።

ኤፍቢአይ ምን ያድርግ? ማፊያን ከውስጥ ሰው ውጪ የሰበረው የለም። የማፊያው አባል ጆ ቫላቺ በ1963 አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ እስኪናገር ድረስ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ድርጅት መኖሩን አያምንም ነበር። ሳሚ ግራቫኖ የሚባለው ሌላው የማፊያ ሰው በ1992 ባይመሰክር የኒው ዮርኩ የማፊያ አለቃ ጆን ጎቲ እየሳቀ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሦስቴ አምልጧቸዋል። እኔ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። እነዚህ ሰዎች የሚያስጨንቁት ሱቅ ያለውን፣ ቆሻሻ የሚያመላልሰውን፣ ግንበኛውን ነው። የምስክሮች ጥበቃውም ቀልድ አይደለም። በ1970 በወጣ ሕግ የቆመ ነው። ደንቡን አክብሮ ከኖረ ሰው አንድም አልተገደለብንም ይላል ምስክሮቹን የሚጠብቀው የማርሻሎቹ መሥሪያ ቤት። በሩ ተከፍቶላት ነበር። ብቻዋን ልትገባበት ትችል ነበር። አልገባችም።

ሄለን፦
ጋሽ ታደሰ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን በዚህ አልስማማም። ክፍሉን ብቻ ይዘን ከተነጋገርን ቢኒ ያሸንፋል። ወደ ኋላ ሄደን እንየው።

ኤፍቢአይ ወደ አድሪያና የመጣው በፍርድ ቤት ወረቀት አይደለም። በጓደኛ መልክ ነው። ዳንየል የምትባል ሴት ሱቅ ውስጥ ትተዋወቃታለች፣ አብረው ይገዛሉ፣ አብረው ይጠጣሉ፣ የልቧን ትነግራታለች። በ4ኛው ሲዝን 2ኛ ክፍል «ጓደኛሽ የኛ ሰው ናት» ሲሏት ምን እንዳደረገች ታስታውሳላችሁ? ጠረጴዛው ላይ አስመለሰች። ያ ትዕይንት ሁሌም ያመኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዷ ታማሚ ነው። ሐኪም ቤት ስትመላለስ እናያለን። የኤፍቢአይዋ ወኪል ሳንሴቬሪኖ ይህን ታውቃለች። አንጀቷ እየቆሰለ መሆኑን እያወቀች በየጊዜው መኪና ውስጥ ታገኛታለች፣ ትንሽ ታጽናናታለች፣ ትንሽ ታስፈራራታለች።

እዚያ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ጠበቃ አጠገቧ ተቀምጦ አያውቅም። ሕግ የተማረችው ከቴሌቪዥን ነው። ሚስት በባሏ ላይ አትመሰክርም የሚል ነገር በቴሌቪዥን አይታ ቶሎ ልትጋባ የሮጠችውን አስቡ።

አሁን ጋሽ ታደሰ ወዳነሱት ስሞች ልምጣ። ቫላቺም ግራቫኖም የማፊያው የራሱ ሰዎች ናቸው። ግራቫኖ 19 ግድያ ውስጥ እጄ አለበት ብሎ አመነ። የተፈረደበት 5 ዓመት ነው። አምስት! ለምን? የሚሸጠው ነገር ስለነበረው። ጎቲን የሚያህል ሰው አስረክቧል። አድሪያና ማንንም አልገደለችም። ለእሷ የቀረበላት ግን የረጅም ዓመት እስር ነው። ብዙ የገደለ ብዙ ይደራደራል። እጇ ንጹሕ የሆነችው ባዶ እጇን ትቀርባለች። በኔ አስተያየት የዚህ ክፍል እውነተኛው ወንጀል ይሄ ነው፤ ነዳጅ ማደያው ላይ ከታየውም ይበልጣል። ክሪስቶፈር ክፉ መሆኑን ኤፍቢአይ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ፋይሉ እነሱ ጋ ነው። እያወቁ ወደ እሱ ቤት ብቻዋን ላኳት።

ቢኒ፦
ሄሉ፣ አልላኳትም። ራሷ ናት የለመነችው።

ሄለን፦
ለመነች፣ አዎ። የፈራ ሰው ብዙ ይለምናል። እምቢ የማለት ሥልጣን የነበረው ማን ነው? ያቺን ማታ በሩ ላይ አንድ ሰው እንኳ የቆመላት የለም።

ማርታ፦
እኔ ከሁላችሁም በሌላ በኩል ነው የማየው። በዚሁ ክፍል ቶኒና ሚስቱ ካርሜላ ይታረቃሉ። እንዴት እንደሚታረቁ ትዝ ይላችኋል? መሬት ነው ያስታረቃቸው። 600,000 ዶላር የሚያወጣ መሬት፣ ቤት ሠርታ እንድትሸጥበት። አድሪያና ጫካ ውስጥ ትሞታለች። መጨረሻ ላይ ቶኒና ካርሜላ እንጨት ሥር ተቀምጠው ስለዚያ መሬት ያወራሉ። ቅጠሉ አንድ ነው፣ ወራቱ አንድ ነው። ጸሐፊው ቴረንስ ዊንተር ይህን በከንቱ አላጣመረውም። ለዚህ ክፍል ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት መሸለሙ ሲያንሰው ነው።

ጋሽ ታደሰ አድሪያና ታውቅ ነበር አሉ። ካርሜላስ? ካርሜላ ከእሷ ይልቅ ታውቃለች። እሷን ግን ማንም ጫካ አልወሰዳትም። ባለትዳር ናት፣ የልጆች እናት ናት፣ ዋጋዋን ተደራድራ ተመለሰች። አድሪያና እጮኛ ነበረች፣ መውለድም አልሆነላትም። የቤተሰቡ አባል ነኝ ብላ ታስብ ነበር። ሲልቪዮ ከመኪናው ሲጎትታት ነው አለመሆኗን ያወቀችው። በ6ኛው ሲዝን ካርሜላ ፓሪስ ሄዳ አድሪያናን በሕልሟ ታያለች። አውቃ ነው የምትተኛው ማለት ነው።

ሳሚ፦
ማርታ፣ ሕልሙን ረስቼው ነበር። ያቺ የአድሪያና ውሻም አብራ ናት። ኮዜት። ክሪስቶፈር ሄሮይኑ ናላውን አዙሮት ተቀምጦባት የገደላት።

እና ሌላ ነገር፦ ይህ ድራማ ሰው ሲገደል ምንም አይደብቅም። ጭንቅላት ሲፈርስ አይተናል። አድሪያና ላይ ግን ካሜራው ዞር ይላል። በቅጠሉ ላይ በእጇና በጉልበቷ ስትድህ እናያለን። ሲልቪዮ ይከተላታል። ከዕይታ ይወጣሉ። ተኩሱን በጆሯችን ነው የምንሰማው። ድሬያ ደ ማቴዮ እና ማይክል ኢምፔሪዮሊ በዚያው በ2004 ሁለቱም ኤሚ ወስደዋል፤ ድራማውም የዓመቱ ምርጥ ተብሏል። ለኬብል ቴሌቪዥን የመጀመሪያው ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦
ሄለን ልጄ፣ አነጋገርሽ ያምራል። ግን ልብ ወለድ ነው። ኤፍቢአይን በድራማ አትክሰሽው። በእውነተኛው ዓለም ይህ ሥራ ደንብ አለው።

ሄለን፦
እሺ፣ ወደ እውነተኛው ዓለም እንሂድ። ሬቸል ሆፍማን። ፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ፣ ሜይ 2008። 23 ዓመቷ ነበር፣ ኮሌጅ የጨረሰች ልጅ። የከተማው ፖሊስ ቤቷን ፈትሾ ማሪዋናና ኤክስታሲ የሚባል ጥቂት የአደንዛዥ ዕፅ ክኒን አገኘ። ከዚያ ምረጪ ተባለች። ወይ ክስ ወይ ሥሪልን። ጠበቃ አላማከረችም፣ ለወላጆቿም አልነገረችም። 13,000 ዶላር ጥሬ ብር አስይዘው ላኳት። 1,500 የኤክስታሲ ክኒን፣ ኮኬይን እና ሽጉጥ እንድትገዛ። ሽጉጥ ነክታ የማታውቅ ልጅ! ሻጮቹ ቦታ ቀየሩባት። የሚከታተሏት ፖሊሶች አጧት። ሊገዛ በታሰበው በዚያው ሽጉጥ ገደሏት።

ይህ ልብ ወለድ አይደለም ጋሽ ታደሰ። ከተማዋ በ2012 ለወላጆቿ 2.6 ሚሊዮን ዶላር ከፍላለች። በ2009 ፍሎሪዳ በስሟ ሕግ አወጣች። ፖሊሶቹ ሠልጥነው እንዲሠሩ፣ ምሕረት እናሰጥሻለን ብለው ቃል እንዳይገቡ፣ መረጃ አቀባዩ ከጠየቀ ከጠበቃ ጋር እንዲመካከር ይላል። ከዚያ በፊት ይህ እንኳ አልተጻፈም ነበር። ድራማው ከእሷ 4 ዓመት ቀድሞ ነው የወጣው፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። የምትፈራ ልጅ፣ አንድ ክስ፣ ጠበቃ የሌለበት ክፍል፣ ከዚያ ብቻዋን ወደ ገዳዮቿ።

ቢኒ፦
የሬቸልን ታሪክ አላውቅም ነበር። ከባድ ነው። ግን ሄሉ፣ እሷን የገደሉትም ሁለቱ ሻጮች ናቸው። ፖሊሱ ተሳሳተ እንጂ አልገደለም። ክሪስቶፈር ላይም ያንኑ ነው የምለው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው፣ እሺ። ሣሩን የረገጠው ግን እግር አለው፣ ስም አለው።

ሄለን፦
ቢኒ፣ ስሙን አልሸሸግኩትም። ክሪስቶፈር ነፍሰ ገዳይ ነው። ግን ከነፍሰ ገዳይ ምንም አልጠበቅኩም። ከመንግሥት ግን እጠብቃለሁ። «እንጠብቅሻለን» ያላት ክሪስቶፈር አይደለም።

ጋሽ ታደሰ፦
እንግዲህ ቁርጡን ንገሪኝ። የልጅቷ ልመና አያዋጣም እንበል። ያቺ ወኪል በዚያች ቀን ምን ብታደርግ ነው ደስ የሚልሽ? ብትለቃት ግድያ ይሸፈናል። ብትይዛት ቶኒ ወዲያው ይጠረጥራል።

ሄለን፦
ትያዛት ነበር ጋሽ ታደሰ። እዚያው በዚያች ሰዓት፣ በካቴና። ቶኒ ይጠርጥር። እሷ እስር ቤት ናት፣ ሊደርስባት አይችልም። ዳኛ ፊት ትቀርባለች፣ መንግሥት ጠበቃ ይመድብላታል። ጠበቃው መጀመሪያ የሚላት «ለክሪስቶፈር አንዲት ቃል እንዳትነግሪው» ነው። ክለቡ ውስጥ ለሠራችው ጥፋት ትጠየቅ፣ እሱን አልተቃወምኩም። ጥቂት ዓመት ትታሰር። እናቷ ሊዝ እየመጣች ትጠይቃታለች።

ኤፍቢአይ ግን ያንን አልፈለገም። ከታሰረች ትቃጠልባቸዋለች፣ መረጃው ይቆማል። እነሱ የፈለጉት አድሪያናን አይደለም፣ ክሪስቶፈርን ነው። እሱን ለማግኘት ሲሉ እሷን መያዣ አደረጉ። እርስዎ በሩ ተከፍቶላት ነበር አሉ። በሩን የከፈቱት እሱን ይዛ እንድትመጣ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦
ብቻዬን ልግባ ብትል አይከለክሏትም ነበር፤ በዚህ አልለቅሽም። በካቴናው ግን እስማማለሁ። እኔም ብሆን እይዛት ነበር።