የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ በመስመር ውሃ ይሠራል፣ በሮቶ ውሃ ግን አይሞላም

ጥያቄ፦ ባለ ግቢ

ሰላም ለሁላችሁ። 7 ኪሎ የሚይዝ፣ ከፊት የሚከፈት ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለን። የመስመር ውሃ ባለበት ቀን ያለ ችግር ያጥባል። ውሃ ጠፍቶ ከሮቶ ስንጠቀም ግን እዝዝ እያለ ውሃው በቀጭኑ ይገባል፣ ትንሽ ቆይቶ «አይ ኢ» የሚል ጽሑፍ ያሳይና ይቆማል። ሮቶው ባለ 1,000 ሊትር ሲሆን 2 ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ ነው ያለው። ጢም ብሎ ሲሞላ አንዳንዴ እሺ ይላል። ማሽኑን በቅርቡ ወደ ባኞ ቤት አዛውረነዋል፤ የፍሳሽ ጎማው አሁን ወለሉ ላይ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። መጥቶ ያየው ባለሙያ «ቦርዱ (ማሽኑን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ተበላሽቷል» ብሎናል። ቦርድ ከመግዛታችን በፊት ምን ብናይ ይሻላል?

መልስ፦ ቧንቧና ውሃ

ቦርዱን ለጊዜው ተዉት። ቦርድ የመስመር ውሃንና የሮቶ ውሃን አይለይም፤ በመስመር ውሃ ጀምሮ የሚጨርስ ማሽን ቦርዱ ደህና ነው። «አይ ኢ» የሚለው ማሽኑ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ በቂ ውሃ አላገኘም ማለት ነው። ሳምሰንግ ላይ ይኸው ችግር 4ኢ ወይም 4ሲ ተብሎ ይወጣል።

መጀመሪያ ግፊቱን አስሉ። ውሃ በየ 1 ሜትር ከፍታው 0.1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይሰጣል። ከፍታው የሚለካው ግን ከወለል አይደለም፤ ከማሽኑ ጀርባ ጎማው ከሚታሰርበት ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ ከወለል ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ 2 ሜትር ያላችሁት ማማ ለማሽኑ 1.1 ሜትር ብቻ ነው፣ ወደ 0.11 ባር። ሮቶው ሲሞላ በውስጡ የቆመው ውሃ 1 ሜትር ያህል ይጨምርለትና 0.2 ባር ይደርሳል። ሲሞላ እሺ የሚለው፣ ሲጎድል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ብዙ ማንዋል ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ግፊት 0.5 ባር ነው፤ 50 ኪሎ ፓስካል ተብሎም ይጻፋል።

የመግቢያው ቫልቭ (ወደ ማሽኑ የሚገባውን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋው) አሠራር ከገባችሁ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ራሱ ትልቁን በር አይከፍትም። ኮይሉ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት የሚሆነው የሽቦ ጥቅል) የሚያነሳው፣ በሩን በሚዘጋው ላስቲክ መሃል ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ የምትዘጋ ቀጭን ብረት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ላስቲኩን ገፍቶ የሚያነሳው የውሃው የራሱ ግፊት ነው። ግፊት ከሌለ እዝዝታው ይሰማል፣ ላስቲኩ ግን በወጉ አይነሳም። ሲዘጋም የሚጫነው ያው ግፊት ስለሆነ፣ ደካማ ግፊት ላይ ማሽኑ ጠፍቶ እንኳ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ሊገባ ይችላል።

መልስ፦ ጣፎ 4ኛ ፎቅ

ወንፊቱን ሳታዩ ስለ ግፊት አትጨነቁ። የሮቶ ውሃ ደለል ይዞ ነው የሚመጣው። ቧንቧውን ዝጉ፣ የማሽኑን ስፒና ንቀሉ፣ ከሥሩ ባልዲ አድርጋችሁ የመግቢያ ጎማውን ከማሽኑ ጀርባ ፍቱ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሳንቲም የምታህል የፕላስቲክ ወንፊት አለች፤ መሃሏ ላይ ያለችውን ጉጥ በፒንሳ ይዛችሁ በቀጥታ ሳቧት፣ አታጣምሟት። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እጠቧት። ነጭ ኖራ መሳይ ነገር ከያዘች ለብ ያለ አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፏት። አንዳንድ ጎማ በቧንቧው በኩልም ሌላ ወንፊት አለው፣ እሱንም እዩ።

«ወንፊቷን አውጥቶ መጣል ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ላስቲኩ ሥር ከገባች ቫልቩ አይዘጋም፣ ቤት ሰው በሌለበት ውሃ ሲፈስ ይውላል።

ጎማውን እንደፈታችሁ ጫፉን 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ከታችሁ ቧንቧውን ክፈቱና ሰዓት ያዙ። ከ2 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ውሃው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት የታነቀበት ቦታ አለ፦ ግማሽ የተከፈተ ሳራቺኔስካ (የመስመሩ መክፈቻና መዝጊያ)፣ የታጠፈ ጎማ፣ ወይም ከሮቶው ሲወጣ ጀምሮ የጠበበ ቧንቧ።

መልስ፦ ቴስተር በእጄ

ባልዲው ቶሎ ስለሞላ ብቻ ግን ቫልቩ ይከፈታል ብላችሁ አትደምድሙ። ክፍት ጎማ የሚያሳየው የውሃውን መጠን ነው፤ ቫልቩ የሚፈልገው ደግሞ ግፊት ነው።

ኮይሉን ለማረጋገጥ ስፒናው ተነቅሎ የላይኛውን ክዳን ከኋላ ፍቱ። የቫልቩን ሽቦዎች አላቅቃችሁ ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉ። ለ220 ቮልት የተሠራ ኮይል ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኦም ያነባል። ሁለት ወይም ሦስት ኮይል ካለው እርስ በርስ አወዳድሯቸው፣ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል፤ የሚቀየረውም ቫልቩ ብቻ ነው። የእናንተ ግን በመስመር ውሃ ስለሚሠራ ደህና ነው ብዬ እገምታለሁ።

መልስ፦ የኋላውን ጎማ እዩ

ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር ጥያቄው ውስጥ አለ፦ የፍሳሽ ጎማው ወለል ላይ ነው። የፍሳሽ ፓምፕ ሲቆም መንገድ አይዘጋም፣ ውሃ በውስጡ ያልፋል። የጎማው ጫፍ ከበሮው ውስጥ ካለው ውሃ ዝቅ ካለ፣ ከላይ የገባው ሁሉ በታች ይወጣል። በመስመር ውሃ የሚገባው ከሚወጣው ስለሚበልጥ ማሽኑ እንደምንም ይሞላል፤ በሮቶ ሲሆን ግን የሚወጣው ያሸንፋል።

ጎማውን ከማሽኑ ጀርባ ባለው መያዣ ላይ መልሱት፤ ከፍተኛው መታጠፊያ ከወለል ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጫፉን የቆመ ቧንቧ ውስጥ ካስገባችሁ በላስቲክና በፕላስተር ዙሪያውን አትድፈኑት። አየር ካላገኘ ማሽኑ ውሃውን አንዴ ሲገፋ ቀሪው እየተሳበ ይወጣል። ከ1 ሜትር በላይ መስቀልም ጥሩ አይደለም፤ ፓምፑ ይደክማል፣ ውሃ ከሥር ይቀራል፣ መጭመቁንም ይተወዋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ማሽኑ ውሃ ሲያስገባ ፍሳሹ ጋ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በዚያ ሰዓት አንዲት ጠብታ እንኳ መውጣት የለባትም።

ባለ ግቢ

እናመሰግናለን። ወንፊቷ ቡናማ ደለል ሞልቷት ነበር፣ ጸድታለች። ባልዲው ከ3 ደቂቃ በላይ ወስዶ ነበር፤ ሳራቺኔስካው ግማሽ ተከፍቶ ስለነበር ሙሉ ስንከፍተው ከ2 ደቂቃ በታች ወረደ። ውሃ ሲገባም በፍሳሹ ሲወጣ አይተናል፤ ጎማውን 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ሰቅለነዋል። አሁን ሮቶው ሙሉ ከሆነ ያለ «አይ ኢ» ይሞላል። ግማሽ ሲደርስ ግን ማለቅለቁ ላይ ይቆማል። ማማውን ከፍ ማድረግ ነው ወይስ ፓምፕ?

መልስ፦ ቧንቧና ውሃ

0.5 ባር ለማግኘት የሮቶው ሥር ከወለል ወደ 6 ሜትር መውጣት አለበት። ሙሉ ሮቶ አንድ ቶን ውሃ ነው፤ ያንን እዚያ ላይ መስቀል የብየዳ ሥራ ብቻ አይደለም፣ መሠረት ይፈልጋል። እኔ ፓምፕ እላለሁ። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያለው ትንሹ ፓምፕ ከበቂ በላይ ነው፤ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ይኑረው፣ ቧንቧ ሲከፈት ይነሳል፣ ሲዘጋ ይቆማል፣ ሮቶው ሲደርቅም ያጠፋዋል። መቆጣጠሪያ የሌለው በባዶ ዞሮ ይቃጠላል። ፓምፑ ከሮቶው ሥር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ የሚስብበት ቧንቧም ከ1 ኢንች አይጥበብ። የሚስበው ከሮቶ ብቻ ይሁን፤ ከመስመር በቀጥታ ከሳበ የጎረቤትን ውሃ ይወስዳል፣ ከተሰነጠቀ ቧንቧም ቆሻሻ ይጎትታል።

መልስ፦ ቴስተር በእጄ

መብራት ሲቆራረጥ ፓምፑም አብሮ ይቆማል እኮ። ርካሹ መንገድ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ቫልቭ ነው። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ አካሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ 0.02 ሜጋ ፓስካል የሚለው በ0.2 ባር ይከፈታል። መውጫዎቹና የሽቦ መሰኪያዎቹ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለባቸው። ሮቶው ግማሽ ሲደርስ ግን እናንተ ጋ ያለው ግፊት ከዚያም ያንሳል፤ ስለዚህ ማማው 1 ሜትር ካልጨመረ ይህም አይበቃም።

መልስ፦ ጣፎ 4ኛ ፎቅ

እስከዚያው በእጅ መርዳት ይቻላል። ማሽኑ የውሃውን ልክ የሚያውቀው ከሥር በምትነሳ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ባለው አየር ግፊት ስለሆነ ውሃው ከየት እንደገባ አይጠይቅም። ሲጀምር ፍሳሹን ለጥቂት ሰኮንዶች ያስወጣል፤ እሱ ካቆመ በኋላ በሳሙና መሳቢያው በኩል በጆግ ቀስ እያላችሁ ከ8 እስከ 10 ሊትር አፍሱ። ለእያንዳንዱ ማለቅለቅም እንዲሁ። መሳቢያው ከሞላ ቁሙ፣ በፊት ለፊት ይፈስሳል።

መልስ፦ የኋላውን ጎማ እዩ

ፓምፕ ከገጠማችሁ የድሮውን የመግቢያ ጎማ አታምኑት። በ0.1 ባር የማያንጠባጥብ መጋጠሚያ በ2 ባር ያንጠባጥባል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ያሉትን የላስቲክ ጓርኒሲዮኖች (ውሃ እንዳያንጠባጥብ የሚያደርጉትን ቀለበቶች) ቀይሩ፣ በእጅ አጥብቁና በፒንሳ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። የመጀመሪያውን እጥበት ልብስ ሳታስገቡ አስኪዱት፣ መጋጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፉና እዩ። እጥበቱ ሲያልቅም ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ቧንቧ ዝጉት።