አዲሱ የታንከር ሌቭል ሴንሰር 2 ሜትር ይዋሻል፣ ካሊብሬሽን ነው ወይስ ተበላሽቷል?

ጣና_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሜንቴናንስ ላይ ነኝ። የውሃ ታንከራችን ሌቭል ሴንሰር ክረምት ላይ በመብረቅ ተቃጥሎ ግዢ ክፍል አዲስ አመጣልን፣ ያው ውሃው ውስጥ ወርዶ ታች ቁጭ ብሎ በላዩ ካለው የውሃ ግፊት ከፍታውን የሚለካው ዓይነት፣ ከ0 እስከ 6 ሜትር፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፕ (0 ላይ 4፣ 6 ሜትር ላይ 20 የሚልክ)። ካሊብሬሽን (ልክነቱ የተፈተሸበት) ሰርተፊኬትም አለው፣ ቁጥሩ ሁሉ ቆንጆ ነው። አስገባነው፣ ስክሪኑ 2.5 ሜትር አለ። እኔ ከላይ ሜትር ጫፉ ላይ ብረት አስሬ አውርጄ ስለካው 4.5 ሜትር ውሃ አለ። አውጥቼ ጠርጌ መለስኩት፣ ያው ነው። አለቃዬ ካሊብሬት አድርገው ይለኛል፣ በምን ላድርገው? ፕሬዠር ካሊብሬተር የለን። ይመለስ እንዳንል ደግሞ እሱን ለማግኘት ስንት ወር ነው የጠበቅነው።

ሎፕ_ቼክ፦
ፒኤልሲው (የሴንሰሩን ሲግናል የሚቀበለው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ላይ ስኬሊንጉን (ሚሊአምፑን ወደ ሜትር የሚቀይርበትን ስሌት) አየኸው? የድሮው ሴንሰር ሬንጁ ሌላ ከነበረ ቁጥሩ ይዛባል። ስክሪኑን ተወውና መልቲሜትር በሲሪ አስገብተህ ሚሊአምፑን ንገረን፣ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ሴንሰሩን በኬብሉ ሜትር በሜትር ከፍ እያደረግህ።

ጣና_ዳር፦
እሺ ለካሁ። 4.5 ሜትር ጥልቀት ላይ 10.7፣ 3.5 ላይ 8.0፣ 2.5 ላይ 5.3፣ 1.5 ላይ 3.8 ሆነና ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ባወጣውም 3.8 ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ፒኤልሲው አይደለም ማለት ነው።

ነባር_ኢንስትሩመንት፦
ቆይ ወንድማለም አትፍታው፣ ሴንሰርህ ጤነኛ ነው። እስቲ ቁጥርህን ራስህ እየው፣ በየሜትሩ 2.7 ገደማ ነው የሚጨምረው፣ ከ4 እስከ 20 ያለው 16 ለ6 ሜትር ሲካፈል ደግሞ ያው 2.67 ነው፣ ስለዚህ ስፓኑ (በየሜትሩ የሚጨምረው) ልክ ነው፣ የሸሸው ዜሮው (መነሻው) ብቻ ነው፣ የሸሸውም ድፍን 2 ሜትር። ይቺን 2 ሜትር አውቃታለሁ፣ እኔንም አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ታንከር ላይ አሳድራኛለች። ኬብሉን ጫፉ ላይ ላጥ አድርገህ እየው፣ ከሽቦዎቹ ጋር የእስክሪብቶ ቀፎ የምታክል ወይም ከዚያ የቀጠነች፣ የውጭውን አየር ወደ ሴንሰሩ ጀርባ የምታደርስ ባዶ ቱቦ አለች? ከሌለች የገዙልህ ሲልድ ጌጅ የሚባለውን ነው። እሱ ጀርባው የታሸገ ነው፣ ዜሮዬ ብሎ የያዘው የባሕር ጠለል አየር ግፊትን ነው፣ 101 ኪሎፓስካል ገደማ። እኛ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ እዚህ አየሩ 81 ወይ 82 ቢሆን ነው (ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ የሚፈላው ለዚሁ አይደል)። ወደ 20 ኪሎፓስካል ጎደለ ማለት ነው፣ 20 ኪሎፓስካል በውሃ ሲተመን 2 ሜትር። ሰርተፊኬቱም አልዋሸም፣ ባሕር ዳር እንደሚመጣ ማን ነገረው።

ጣና_ዳር፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ላጥሁት፣ ቱቦ የሚባል የለም 😩 ታዲያ ፒኤልሲው ላይ 2 ልደምርና ልገላገል?

ነባር_ኢንስትሩመንት፦
እንዳታደርገው! ከ2 ሜትር በታች እኮ ዕውር ነው፣ ታንከሩ ባዶ ሆኖ 2 ሜትር ውሃ አለ ይልሃል፣ ፓምፑ በደረቁ ዞሮ ሲቃጠል ያኔ አለቃህ ሌላ ነገር ነው የሚልህ። ሃርት (ሬንጁን በዚያው ሽቦ በዲጂታል መቀየር የሚያስችለው) ያለው ቢሆን ታችኛውን ሬንጅ ከዜሮ በታች ማውረድ ይሞከር ነበር፣ ያንተ ላይ እንደዚያ የሚል ካልተጻፈ እርሳው። ግዢ መጠየቂያው ላይ 'ቬንትድ ጌጅ፣ ኬብሉ የአየር ቱቦ ያለው' ብለህ በትልቁ ጻፍ፣ ሬንጅና ሚሊአምፕ ብቻ ከጻፍክላቸው የረከሰውን ነው የሚያመጡልህ። ሲመጣ ደግሞ የቱቦዋን አፍ በሲሊኮን እንዳትደፍን፣ ዝናብ እንዳይገባ ብለው የሚደፍኑ ሞልተዋል፣ ከደፈንካት ተመልሶ ሲልድ ሆነ በለው። ጃንክሽን ቦክሱ ውስጥ አየር እያገኘች እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አጠገቧ ይኑር፣ በክረምቱ እርጥበት ቀለሙ ቶሎ ስለሚቀየር እያየህ ለውጠው።

ፖሊ_የወጣሁ፦
ካሊብሬተር የለንም ላልከው፣ ቬንትዱ ሲመጣ ሴንሰሩ የሚገባበት አንድ የ3 ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ ታቹን ደፍነህ ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁም፣ በየ50 ሴንቲ ውሃ እየሞላህ ሚሊአምፑን ጻፍ፣ ከዚያ ቀስ እያልክ እየቀዳህ ወደታችም ጻፍ፣ ሲወጣና ሲወርድ ከተለያየብህ ያኔ ሴንሰሩን ጠርጥር። እንዲያውም ከፕሬዠር ካሊብሬተር የተሻለበት ነገር አለው፣ እዚህ የመሬት ስበት ከስታንዳርዱ በ0.3 ፐርሰንት ያህል ያንሳል፣ በቧንቧ ስታደርገው ግን በራሱ በባሕር ዳር ስበት ስለሆነ ሒሳቡ የለብህም። ለ5 ሜትር ታንከር 1.5 ሴንቲ ነው፣ ማንም አይሰማውም፣ ግን ልናገረው ብዬ ነው 😄

ጣና_ዳር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስከዚያ ውሃው ሲወርድ ፓምፑን የሚያጠፋልኝ የድሮ ፍሎት ስዊች (ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ) ከስቶር አውጥቼ አስሬያለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ይሄኛውስ ይጣል? ጊቢያችን ውስጥ የጉድጓድ ውሃም አለን።

ነባር_ኢንስትሩመንት፦
ለምን ይጣላል፣ እዚህ አገር ሬንጁ ከ2 እስከ 8 ሜትር ሆነ በለው። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ሊወርድ ከሚችልበት ከዝቅተኛው ቦታ 2 ሜትር ከምናምን ዝቅ አድርገህ ስቀለው፣ ፒኤልሲው ላይ ያን ጊዜ 2 ደምር። ውሃው ሲሞላ ከ8 ሜትር በላይ የሚጫነው ከሆነ ግን መጀመሪያ ስንት እንደሚችል ሌብሉ ላይ እይ። የአየር ግፊቱ ጠዋትና ከሰዓት ጥቂት ሚሊባር ይዋዥቃል፣ አንድ ሚሊባር አንድ ሴንቲ ስለሆነ ሦስት አራት ሴንቲ ወዲህ ወዲያ ሲል ብታይ ደግሞ ተበላሸ ብለህ እንዳታወጣው።